ሬዲዮዋን የደበቀችው መኪና

ሬዲዮ መክፈት ከባድ ሥራ ነው የሚለኝ ሰው ቢኖር ከሦስት ወር በፊት ስቄበት ነበር የማልፈው። ሬዲዮ እኮ ነው። አንዲት የምትዞር ቁልፍ አለች፤ ትዞራለች፣ ቀጭ ትላለች፣ ሰውዬው ማውራት ይጀምራል። በቃ። ለዚህ መነጽር አያስፈልግም፣ የይለፍ ቃል አያስፈልግም፣ ዲግሪ አያስፈልግም። አሮጌዋ መኪናዬ በሯ በሲባጎ ታስሮ፣ የኋላ መስኮቷ አልወርድም ብሎ፣ ዳገት ባየች ቁጥር እያለከለከች እንኳን በሬዲዮ አሳፍራኝ አታውቅም። ጭጋግ ወርዶ የገዛ እጄን ከልሎብኝ ሳለ ቁልፏን በዳበሳ አገኛት ነበር።

እሷን ሸጬ ነው ይህችን የገዛሁት። ማን መከረህ አትበሉኝ፤ ያልመከረኝ የለም። «የነዳጅ ሰልፍ ቀረልህ፤ ማታ ሶኬት ላይ ሰክተሃት ትተኛለህ፤ ጭስ የላት፣ ድምፅ የላት» አሉኝ። ድምፅ እንደሌላት እውነታቸውን ነው። ሬዲዮውንም ጨምረው መናገራቸው እንደሆነ ግን ያብራራልኝ ሰው አልነበረም።

ደግሞ ቁልፍ መጫን የማያውቅ ባላገር አድርጋችሁ እንዳትስሉኝ። አሰላ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ደብተር እሸጣለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ወረቀት የነከሰ ማሽን ሆዱን ከፍቼ አስተፋለሁ። ይህችን ግን አልቻልኳትም። መሪው አጠገብ ሳሎናችን ያለውን ቴሌቪዥን የሚያህል መስታወት ተገትሯል። ከዚያ ውጭ አንድ ቁልፍ የለም። አንድ። ሁሉም ነገር መስታወቱ ውስጥ ነው፤ መስታወቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ደግሞ በቻይንኛ ነው። ከውስጧ አንዲት የማትታይ ሴት ታወራለች። በር ስከፍት ታወራለች፣ ቀበቶ ሳላስር ትቆጣለች፣ በግ መንገድ ሲያቋርጥ ትጮሃለች። በአርሲ መንገድ ላይ በግ የማያቋርጥበት ደቂቃ ስለሌለ ዝም ብላ አታውቅም። ባለቤቴ የመጀመሪያ ቀን ስትሰማት «ይቺ ደግሞ ማናት?» አለችኝ። መኪናዋ እንደሆነች ነገርኳት። «እኔ እንዲህ ብጨቀጭቅህ አንድ ቀን አታሳድረኝም ነበር» ብላ በሩን ደርግማ ወረደች።

ስልኬን መስታወቱ ላይ ደግኜ ላስተረጉም ሞክሬያለሁ። የተረጎመልኝን ልንገራችሁ። «የደስታ ወንበር» ይላል። «ትንሹን ጓደኛ ቀስቅስ» ይላል። «እባክዎ ደመናውን ያስገቡ» ይላል። የቱን ደመና ነው የማስገባው? እዚያ ጭላሎ ተራራ ራስ ላይ የተኛውን? አንድ ቀን ደግሞ ረጅም ሰዓት ስደባብሳት ቆይቼ፣ ስሙን ማንበብ የማልችለው ከተማ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ዝናብ እንደሚጥል አሳወቀችኝ። እኔ ያን ጊዜ አሰላ ላይ ዝናቡ ውስጥ ነበርኩ።

አዲስ አበባ ላለው ለሸጠልኝ ሰው ደወልኩለት። «ጋሼ፣ በዚህ ዘመን ደግሞ ሬዲዮ ማን ይሰማል?» አለኝ። «ስልክዎን ከመኪናዋ ጋር ያገናኙት። የፈለጉትን ከኢንተርኔት ይከፍታሉ።» ስልኬን አገናኘሁት። ኢንተርኔቱ ከተማው መውጫ ድረስ ሸኝቶኝ ተመለሰ።

ማን ይሰማል ብሎ መጠየቁ ነው ደሜን ያፈላው። የትኛው ሰፈር ውሃ እንደሚጠፋ የምንሰማው በሬዲዮ ነው። ስንዴው ላይ ዋግ መጣ ሲባል የምንሰማው በሬዲዮ ነው። የሰው በሬ ጠፍቶ ግንባሩ ቦቃ፣ ቀንዱ የተቆለመመ ተብሎ የሚፈለገው በሬዲዮ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማን እንደሞተ፣ መቼና የት እንደሚቀበር፣ የማን ወንድምና የማን አባት እንደሆነ የሚነገረው በእሱ ነው፤ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ። በቆጂ ያለ፣ ጢቾ ያለ፣ ጎበሳ ያለ ዘመድ ያን ሰምቶ ነው ነጠላውን አንስቶ የሚወጣው። ያ ሰውዬ ይህን ሁሉ «ማን ይሰማል» ብሎ ዘጋብኝ።

ለነገሩ ማን እንደሚሰማ እኔ ልንገረው። እትዬ ዘነበች ይሰማሉ። የአባቴ እህት ናቸው። ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ልጅ የላቸውም፤ አሰላ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ባቄላና አተር ለቅመው ሽሮ አዘጋጅተው ለሱቆች ይሰጣሉ። ሲለቅሙ ሬዲዮ፣ ሲያበጥሩ ሬዲዮ። ጠዋት ጠዋት ብቻ ኪዳን ለማድረስ ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄዱ የአንድ ሰዓቱ ዜና ያመልጣቸዋል። የስድስት ሰዓቱን ግን ዓለም ቢገለበጥ አያሳልፉም።

እንግዲህ አንድ ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ስልኬ ጮኸ። ጎበሳ የሚኖረው አጎቴ ጋሽ ወርቁ ነው። ጋሽ ወርቁ በቤተሰባችን ውስጥ ያልተሾመ አዛዥ ነው፤ ሰርግም ሆነ ለቅሶ እሱ ሳያዝ አይነቃነቅም። በቆጂ የሚኖረው የእሱና የእትዬ ታናሽ ወንድም ጋሽ ታደለ ሌሊቱን ማረፉን ነገረኝና አልቅሰን ሳንጨርስ ትእዛዙን ማዥጎድጎድ ጀመረ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የኀዘን ማስታወቂያውን አንተ ጽፈህ ሬዲዮ ጣቢያ አድርስ። እትዬ ዘነበችን ሳትነግራት በቆጂ ይዘህ ና። «ታደለ ትንሽ አሞታል በላት» አለኝ።

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይም አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ግራና ቀኝ ቆሞ፣ ቀስ ተብሎ ነው። ስለዚህ ይዋሻል። ችግሩ ውሸቱ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። እኔ እስከማውቀው ድረስ በቤተሰባችን ውስጥ «ትንሽ አሞታል» ተብሎ የዳነ ሰው የለም። አንድ ጊዜ ራሴን ጉንፋን ይዞኝ ባለቤቴ በስልክ «ትንሽ አሞታል» ብላ ብትናገር፣ ሁለት አክስቶች ደረታቸውን እየደቁ ደርሰውብኛል።

ማስታወቂያውን ጽፌ አደረስኩ። አንድ ሰዓት ላይና ስድስት ሰዓት ላይ ይነበባል። የአንድ ሰዓቱ አላሳሰበኝም፤ እትዬ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። የስድስቱ ነው አደጋው። አሰብኩ፣ አወጣሁ፣ አወረድኩ። መጨረሻ ላይ ብልሃቱ መጣልኝ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አንስቻቸው ብወጣ ስድስት ሰዓት ሲሞላ መንገድ ላይ ነን። መንገድ ላይ ደግሞ በዚህች መኪና ውስጥ ሬዲዮ የሚባል ነገር የለም። በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናዬን መረቅኳት። እንዲያውም ኮፈኗን መታ መታ አደረግኩላት።

እትዬ ቤት ስደርስ ለብሰው፣ ቦርሳቸውን አንግተው ቆመው ነበር። «ጋሽ ታደለ ትንሽ አሞታል፤ ሊያይዎት ፈልጓል» አልኳቸው። ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «እንሂዳ» አሉ። ሌላ ነገር አልጠየቁም። እኔ ደግሞ በራሴ ኮራሁ፤ ፊቴ ላይ ምንም አይነበብም ማለት ነው አልኩ። «ሱቅ ቆም አድርገኝ» ቢሉኝ «መንገድ ላይ እንገዛለን» ብዬ አጣድፌ አስገባኋቸው።

ከተማውን ለቀን የገብሱ ማሳዎች መሐል ከገባን በኋላ «እስቲ ሬዲዮ ክፈትልኝ» አሉ።

«እትዬ፣ ይቺ መኪና ሬዲዮ የላትም።»

«ሬዲዮ የሌላት መኪና?»

«የላትም።»

«ይሄ ሁሉ መስታወት ታዲያ ለምንድን ነው?»

ይህን ጥያቄ እኔ ራሴ ሦስት ወር ሙሉ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። እትዬ መስታወቱን ትንሽ አዩት። «አቧራውንስ ማን ይጥረግልህ?» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ከግራ ወደ ቀኝ ጠረጉት። መስታወቱ ገጽ ቀየረ። መልሰው ጠረጉት። ሌላ ገጽ መጣ። እዚያ ገጽ ላይ፣ በሦስት ወር ውስጥ አንድ ቀን አይቻት የማላውቃት፣ አንቴና ያላት የሬዲዮ ሥዕል ቁጭ ብላለች። ሥዕሏን ለመንካት አንድ ጣት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። እትዬ ነኳት።

«…ከስድስት ሰዓት ዜና ቀጥሎ የኀዘን ማስታወቂያዎች ይኖሩናል» አለ ጋዜጠኛው። እንዴት ጥርት ብሎ፣ እንዴት ጎላ ብሎ። አጠገባችን የተቀመጠ ነበር የሚመስለው።

ወገኖቼ፣ እኔ ያኔ የተናደድኩትን ያህል በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም። ሦስት ወር ለምኛታለሁ። እጄን አጥቤ፣ መነጽሬን ወልውዬ፣ በለሰለሰ ጣት ለምኛታለሁ። አንድም ቀን እሺ ያላለችኝ፣ ዝም በይ ያልኳት ቀን አፏን ከፈተች። እሺ፣ ከከፈተች ልዝጋት። በምን? የሚዞር ነገር የለ፣ የሚጫን ነገር የለ። አንድ እጄን መሪ ላይ፣ አንዱን መስታወቱ ላይ አድርጌ ያገኘሁትን ሁሉ ነካሁ። ከፊት ቀዝቃዛ ነፋስ ለቀቀችብን። ሌላ ነካሁ፤ የእትዬ ወንበር መሞቅ ጀመረ። ሌላ ነካሁ፤ ጣሪያው ተከፈተ። በጠራራ ፀሐይ ዝናብ መጥረጊያው መወዛወዝ ጀመረ፣ የኋላ ሻንጣው ተበርግዶ ተነሳ። የማትታየዋ ሴትዮ በቻይንኛ ትጮሃለች፣ ጋዜጠኛው በአማርኛ ዜናውን ያነባል። ከፊታችን አንድ ጋሪ የሚነዳ ሰው ዞር ብሎ አየንና ፈረሱን ወደ ዳር አወጣ።

ሳጉሬ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ዳር ይዤ ቆምኩ። ይህቺ መኪና ማጥፊያም የላትም። ሾፌሩ ከወንበሩ ሲነሳ ራሷ ትጠፋለች ተብዬ ነበር። ተነሳሁ። አልጠፋችም። እትዬ ተቀምጠዋላ።

«እትዬ፣ እስቲ አንዴ ይውረዱ» አልኳቸው።

«ለምን?»

«ፎቶ ላንሳዎት። ገብሱ እንዴት እንዳማረ አዩት?»

«ወንድምሽ ታሟል ብለህ አስነስተኸኝ ገብስ ውስጥ ፎቶ ልነሳ?»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። የቀረኝ አፌ ብቻ ነው። ስለ ወረቀት መወደድ ጮክ ብዬ ማውራት ጀመርኩ። ስለ ፎቶ ኮፒ ቀለም አወራሁ። ጋዜጠኛው ሲያሸንፈኝ መዝሙር ጀመርኩ፤ መዝሙሩ የሠርግ ይሁን የበዓል አሁን አላስታውስም። የመኪናዋን ጥሩምባም እየነፋሁ ነበር። እትዬ እጃቸውን ክንዴ ላይ አሳረፉ።

«ተው ልጄ» አሉኝ። «አትድከም። ይናገር።»

እጄን ከጥሩምባው ላይ አነሳሁ።

«ታደለ ሞቷል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሰምቻለሁ። ብርዱ ጉልበቴን ይዞኝ ኪዳን ቀርቼ ነበር።»

አምስት ሰዓት ሙሉ ብቻቸውን አውቀው፣ ለእኔ ውሸት ሲሉ «እንሂዳ» ብለው ተቀምጠዋል። መርዶ ነጋሪውን እንዳያሳፍሩ።

«ታዲያ እትዬ፣ ለምን መልሰው ሊሰሙት ፈለጉ?»

«ስሜ ሳይደርስ የሬዲዮዬ ድንጋይ አለቀ» አሉ። «ስሙን ጠሩ፣ ቀብሩን ተናገሩ፣ የልጆቹን ስም ሲጀምሩ ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። አሰላ ላይ ድንጋይ ልገዛ ብል አጣደፍከኝ። መኪና ሬዲዮ አያጣም ብዬ ተቀመጥኩ።» ቀጥለው ደግሞ «እናታችን ስትሞት የአርባ ቀን ልጅ ነበር» አሉ። «በጀርባዬ ነው ያደገው። እኔ ልጅ የለኝ። እህቱ ዘነበች ተብሎ አገር ሲሰማ አንድ ጊዜ መስማት እፈልጋለሁ። የራሴን ሞት እንደሆነ ሲያነቡት አልሰማው።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። የእትዬ ስም ማስታወቂያው ውስጥ የለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ እኔ ነኝ ያላስገባሁት። ጋሽ ወርቁ «የዘነበችን ስም እንዳታስገባ፤ መርዶዋን ሳትረዳ ስሟን በሬዲዮ ከሰማች ደንግጣ ትወድቃለች» አለኝ። እኔም፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩት ሰውዬ፣ «ልክ ነህ» አልኩት። የወንድማቸው ስም ሲጠራ አይሰሙም፣ የራሳቸው ሲጠራ ብቻ ይሰማሉ ብለን ነው መሰለኝ። ሁለት ሽማግሌ አከል ወንዶች ስልክ ይዘን ይህን መከርን። ልጆቹን ጻፍኩ፣ ወንድሙን አቶ ወርቁን ጻፍኩ፣ ስልጤ ያሉትን የሚስቱን ዘመዶች ሳይቀር ጻፍኩ። ያሳደገችውን እህት አስቀረሁ።

ዜናው ወደ ማለቁ ነው። ስልኬን ይዤ «አንዴ ውሃ ሽንት» ብዬ ወደ ማሳው ሮጥኩና ሬዲዮ ጣቢያው ማስታወቂያ ክፍል ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች። አንድ ስም እንድታስገባልኝ ለመንኳት።

«ማስተካከያ የምንቀበለው በጽሑፍ ነው» አለችኝ። «ቀርበው ይፈርማሉ።»

«እመቤቴ፣ እኔ ሳጉሬ ነኝ። ማስታወቂያው ሊነበብ አሥር ደቂቃ አልቀረውም።»

«አሠራራችን ነው ጌታዬ።»

ሱቄ ለሚመጣ ገበሬ ሁሉ «በጽሑፍ ካልሆነ አይቀበሉህም» እያልኩ የምሰብከው እኔ፣ ያን ቀን ጽሑፍ የሚባል ነገር ከነፈጠረው ሰው ረገምኩ። ጮህኩባት። ከዚያ ደግሞ ለመንኳት። በመካከል ድምፅዋ ጭልጥ ብሎ ጠፋ። «ሀሎ? ሀሎ?» እላለሁ፣ መልስ የለም። ስልኩን አየሁት፣ አልተቋረጠም። አራገፍኩት። ያን ጊዜ ከኋላዬ፣ ገብሱን አቋርጦ፣ የሴትዮዋ ድምፅ ጎልቶ መጣ።

ከመኪናዋ ውስጥ ነው። ያገናኘሁት ስልክ ነዋ። ለሦስት ወር ጥሪዬን አንድ ቀን በወጉ ተቀብላ የማታውቅ መኪና፣ ያን ሰዓት መርጣ ጥሪውን ከእጄ ነጥቃ፣ ሬዲዮውን አፍና፣ በአራቱም ማዕዘን ታሰማለች።

«ሀሎ፣ ጌታዬ፣ ይሰማል?» ትላለች ሴትዮዋ። «ቀረ ያሉት ስም የማን ነው?»

እትዬ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ወደ ጣሪያው ቀና ብለው ፈለጉ። «የማን ምን?» አሉ።

«የአቶ ታደለ በላቸው የኀዘን ማስታወቂያ ላይ የቀረው ስም።»

እኔ ገብሱ ውስጥ ቆሜያለሁ።

«ዘነበች የሚል የለም?» ብለው ጠየቁ እትዬ።

«ዘነበች… የለም እማማ። እዚህ የለም።»

«እንግዲያው እኔ ነኝ የቀረሁት» አሉ። «ዘነበች በላቸው እባላለሁ። እህቱ ነኝ። ያሳደግሁት እኔ ነኝ።»

እኔ «በጽሑፍ» ልትላቸው ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። «ይቆዩ እማማ፣ እጽፈዋለሁ» አለችና ስልኩ ተዘጋ።

ሮጬ ስደርስ እትዬ ወደ እኔ አላዩም። መስታወቱ ላይ የዚያ የማላውቀው ከተማ የአየር ሁኔታ መጥቷል። ሬዲዮው የለም። ጥሪው ሲዘጋ ተመልሶ ይመጣል አይደል የሚባለው? አልመጣም። የእትዬን ነጠላ ጫፍ ይዤ ከግራ ወደ ቀኝ ጠረግኩ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ጠረግኩ። መስታወቱ ደመናውን እንዳስገባ ጠየቀኝ። በጡጫ ልለው እጄን አንስቼ ነበር፤ እውነቴን ነው የምላችሁ።

«ተወውና ንዳ» አሉኝ እትዬ። «ሱቅ ጋ አድርሰኝ።»

ከቦርሳቸው ውስጥ መዳፍ የምታህል፣ ጀርባዋ በላስቲክ የታሰረ ሬዲዮ አወጡ። ነዳሁ። ያን ጊዜ በግ ብትገባብኝ የማቆም አይመስለኝም። ሳጉሬ መግቢያ ላይ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አገኘንና በሯ ላይ ተገተርኩ። ባለሱቁ ኮፍያ ያጠለቁ ሽማግሌ ናቸው። «አካም ጅርቱ?» ብለው ሰላምታ ሲጀምሩ «ሁለት የሬዲዮ ድንጋይ፣ ቶሎ በሉልን አባ» አልኳቸው። እትዬ ሬዲዮዋን ሊከፍቱ ሞከሩ፤ ላስቲኩ አልፈታ አላቸው። ሽማግሌው ከእጃቸው ወሰዱና ላስቲኩን ፈትተው፣ ድንጋዩን ከተው፣ በመዳፋቸው አንዴ ጠፍ አድርገው፣ ቁልፏን አዞሩ። ምን ያህል ጊዜ ፈጀ ብትሉኝ፣ እኔ የመኪናዬን በር ሳልዘጋ ሰውዬው ማውራት ጀምሯል።

የሌላ ሰው ማስታወቂያ አለፈ። ቀጠለና የጋሽ ታደለን ስም በኦሮምኛ ጠራ። ባለሱቁ ወደ እትዬ ተመለከቱ፤ ገብቷቸዋል። «ኦቦሌቲን ኢሳ አዴ ዘነበች በላቸው» አለ ጋዜጠኛው። እህቱ ወይዘሮ ዘነበች። ከዚያ በአማርኛ ደገመው። «እህቱና አሳዳጊው ወይዘሮ ዘነበች በላቸው፣ ወንድሙ አቶ ወርቁ በላቸው…» አሳዳጊው የሚለውን እኔ አልጻፍኩትም። ከሁሉም ፊት ያስቀመጥኳቸውም እኔ አይደለሁም፤ ያቺ «በጽሑፍ» ያለችኝ ሴት ናት።

እትዬ ጨርሶ እስኪነበብ ቆመው ሰሙ። ከዚያ ሱቁ በር ላይ ያለው የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ባለሱቁ ሬዲዮዋን ዝቅ አድርገው «አብሽሪ አዴ፣ አብሽሪ» እያሉ እያጽናኗቸው አጠገባቸው ቆሙ። አህያ ላይ ገብስ ጭነው የሚያልፉ ሁለት ሴቶች ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ አህያቸውን አቁመው መጥተው አብረዋቸው ተቀመጡ። ያን ሁሉ ሴራ የጠነሰስነው እትዬ ደጋፊ በሌለበት መንገድ ላይ መርዶ እንዳይረዱ ብለን ነበር። ማንነታቸውን የማያውቁ ሰዎች ደገፏቸው። እኔ የወንድማቸው ልጅ ግን መኪናዋ ጋ ቆሜ በንዴት ጎማ እየረገጥኩ ነበር፤ ጎማው ምን አደረገኝ እንዳትሉኝ።

በቆጂ ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ብርዱ ይጋረፋል። ጋሽ ወርቁ በሩ ላይ ቆሟል፤ ግራና ቀኙ እትዬን ሊደግፉ የተመረጡ ሁለት ጠንካራ ሴቶች አሉ። ሁሉም ፊቱን ምንም ያልሆነ አስመስሏል። ጋሽ ወርቁ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ፣ እስቲ መጀመሪያ አረፍ በይ» አለ። «ታደለ ትንሽ…»

«ወርቁ» አሉት። «ስሜን ማን አስቀረው?»

ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። ጋሽ ወርቁ አፉ እንደተከፈተ ወደ እኔ ዞረ፤ ያ ሁሉ ትእዛዝ የት እንደገባ አላውቅም። እኔ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ጥፋቱን ሁሉ በአንድ በኩል መደፍደፍ ለምጄ «መኪናዋ…» ብዬ ጀመርኩ። መኪናዋ ምን? መኪናዋ አማርኛ አትጽፍ።

«እኛ ነን እትዬ» አልኩ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቄዋለሁ» አሉኝ። ቦርሳቸውን አውልቀው አስያዙኝ። «የእኔ ቀን ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ይጻፈው» ብለው አልፈውኝ ወደ ወንድማቸው ገቡ።